የማሳ ጥበቃ በሌሊት፦ የሙቀት መመልከቻ መሣሪያ ምን ያሳያል፣ ምንስ ይሰውራል?

ለማን ተዘጋጀ፦ በምሥራቅ ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ዞኖች ማሳቸው ከጫካ ጋር ለሚዋሰን አርሶ አደሮችና ለቀበሌ የልማት ሠራተኞች

የሥልጠናው ዓላማ፦ ሠልጣኞች ይህን ጽሑፍ አንብበው ሲጨርሱ፦
- የሙቀት መመልከቻ (ቴርማል) እንዴት እንደሚሠራ ያውቃሉ፤
- መሣሪያው ለሌሊት ጥበቃ መቼ እንደሚጠቅምና መቼ እንደሚያሳስት ይለያሉ፤
- በጥበቃ ላይ የሰው ሕይወት እንዳይጠፋ መወሰድ ያለበትን ጥንቃቄ ይተገብራሉ፤
- መሣሪያውን መግዛት አዋጭ መሆን አለመሆኑን ራሳቸው አስልተው ይወስናሉ።

1. መግቢያ

ውድ አርሶ አደር፣ በቆሎው እሸት ሲይዝ የእርስዎ እንቅልፍ ይጠፋል። በዴዴሳና በአንገር ሸለቆዎች፣ በዲጋ፣ በሌቃ ዱለቻ ወይም በጊዳ አያና፣ ማሳው ከጫካ ጋር የሚዋሰን ገበሬ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ቀን ዝንጀሮና (ጀልዴሳ) ጦጣ፣ ሌሊት የዱር አሳማና (ቦዬ) ጃርት ይመጣሉ። በግንቦት የተዘራና በክረምት ጭቃ ውስጥ የታረመ ሰብል በአንድ ሌሊት ሊወድም ይችላል። ማማ ላይ አድሮ መጮህ፣ ጅራፍ ማጮህ፣ ቆርቆሮ መምታትና እሳት ማንደድ ከአባቶቻችን የወረስናቸው ዘዴዎች ናቸው፤ ዛሬም ያገለግላሉ። ችግሩ ጨለማ መሆኑ ነው፤ ጠባቂው እንስሳው መግባቱን የሚያውቀው አገዳ ሲሰበር ከሰማ በኋላ ነው።

በቅርብ ዓመታት በእጅ የሚያዙ፣ በአንድ ዓይን የሚታዩ አነስተኛ የሙቀት መመልከቻዎች በዓለም ገበያ ዋጋቸው ቀንሷል። በሌሎች አገሮች አዳኞች ጥቅጥቅ ባለ ጫካ እንስሳ ለመፈለግ ይጠቀሙባቸዋል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ «ልላክልህ» ሊልዎ፣ ወይም ነጋዴ «በጨለማ ሁሉን ያሳያል» ብሎ ሊያቀርብልዎ ይችላል። መሣሪያው በእርግጥ ይጠቅማል። ነገር ግን ሁሉን አያሳይም። የሚያሳየው ሙቀትን ብቻ ነው፤ ሙቀቱ የአሳማ ይሁን የጎረቤትዎ ልጅ በሩቁ አይናገርም። የዚህ ሥልጠና ዋና መልእክትም ይኸው ነው።

2. መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

ማንኛውም ነገር እንደ ሙቀቱ መጠን በዓይን የማይታይ ጨረር ያወጣል። ምድጃ አጠገብ ሲቀመጡ ፊትዎ ላይ የሚሰማዎት እሱ ነው። መመልከቻው ይህን ጨረር በልዩ መስታወት ሰብስቦ ወደ ሥዕል ይለውጠዋል፤ ሞቃቱ ነገር ደምቆ፣ ቀዝቃዛው ጠቁሮ ይታያል። ስለዚህ ጨረቃም ሆነ ባትሪ መብራት አያስፈልገውም።

ይህ ከተለመደው «የሌሊት ካሜራ» ይለያል። የሌሊት ካሜራ በራሱ መብራት ወይም በጥቂት የጨረቃ ብርሃን ይሠራል፤ ሣር ውስጥ የቆመን እንስሳ ላያሳይዎ ይችላል። ቴርማል ግን በአገዳዎቹ መካከል ክፍተት እስካለ ድረስ የእንስሳውን ሙቀት ነጥሎ ያወጣል።

የማይችላቸው ነገሮች የሚከተሉት ናቸው፦
- በቅጠል ውስጥ አልፎ አያይም። ከሰው ቁመት በላይ ያደገ በቆሎ መሐል የገባ አሳማ ከቅጠሉ ጀርባ ይሰወራል። የሚታየው በመስመሮቹ መካከል ወይም በማሳው ዳር ሲያልፍ ብቻ ነው። ጫካውም እንደዚያው ነው።
- በዝናብና በጉም ይደክማል። የውሃ ጠብታ ጨረሩን ይውጠዋል። ከረጅም ዝናብ በኋላ ደግሞ አፈሩ፣ ድንጋዩና ቅጠሉ እኩል ስለሚቀዘቅዙ ሥዕሉ ይደበዝዛል። በነሐሴና በመስከረም፣ በቆሎው ጥበቃ በሚሻበት ወቅት፣ ይህ ብዙ ሌሊት ያጋጥማል።
- በመስኮት መስታወት አያይም። ተራ መስታወት ይህን ጨረር አያሳልፍም። ይህ ድክመት ቢመስልም በግዢ ጊዜ ይጠቅመናል (ክፍል 7ን ይመልከቱ)።
- በቀን ፀሐይ አይረዳም። መሬቱ ሲግል እንስሳውና አፈሩ አይለዩም። ስለዚህ ለዝንጀሮና ለጦጣ መሣሪያው መፍትሔ አይደለም፤ እነሱ በቀን የሚመጡና ሌሊቱን የሚያንቀላፉ ናቸው። ከርከሮም ሌሊት ጉድጓዱ ውስጥ ያድራል።

በጣም ጥሩው ሰዓት ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ነው፤ መሬቱ ቀዝቅዞ የእንስሳው ሙቀት ጎልቶ ይወጣል። ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ድረስ ግን ቀን ፀሐይ የመታቸው ድንጋዮችና ኩይሳዎች ገና ስለሚሞቁ እንደ እንስሳ ሊያሳስቱዎ ይችላሉ። ሙቀቱ ቦታውን ካልለቀቀ ኩይሳ መሆኑን ይጠርጥሩ፤ ጠዋት ሄደው ያረጋግጡ።

3. ርቀትና ሥዕል፦ ነጥቡ አሳማ ነው ወይስ ሰው?

የመሣሪያው ሥዕል ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። በርካሾቹ ዘንድ የተለመደው በአግድም 256፣ በቁመት 192 ነጥብ ያለው ነው። የፊት መስታወቱ 10 ሚሊ ሜትር፣ የአንዱ ነጥብ ስፋት ደግሞ 12 ማይክሮን (በሚሊ ሜትር 0.012) ከሆነ፣ በ100 ሜትር ርቀት አንድ ነጥብ 12 ሳንቲ ሜትር ይሸፍናል። በአንድ ጊዜ የሚያዩት ስፋት 30 ሜትር ያህል ነው። አሁን አንድ ሜትር ርዝመትና 70 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለውን አሳማ በዚህ እንለካው፦

- በ50 ሜትር፦ በርዝመት 16፣ በቁመት 12 ነጥብ ያህል። እግሩና ጭንቅላቱ ሊለይ ይችላል።
- በ100 ሜትር፦ በርዝመት 8፣ በቁመት 6 ነጥብ ያህል። ብሩህ ጉብታ ነው፤ ከአካሄዱ ካልሆነ በቀር አይለይም።
- በ200 ሜትር፦ በርዝመት 4፣ በቁመት 3 ነጥብ ያህል። አንድ ነገር እንዳለ ብቻ ያውቃሉ።

አሁን ደግሞ ጎረቤትዎ በማሳው ዳር ቁጢጥ ብሎ ተቀምጧል እንበል። ቁመቱ አንድ ሜትር፣ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በ100 ሜትር ላይ 8 በ5 ነጥብ ይሆናል። መጠኑ ከአሳማው ጋር ተቀራራቢ ነው! ጋቢ ከለበሰ ደግሞ ጋቢው ሙቀቱን ስለሚይዝበት የሚደምቁት ፊቱና እጆቹ ብቻ ይሆናሉ። ከበቆሎው በላይ ብቅ ያለ የሰው ጭንቅላት በዚያ ርቀት ሁለት ነጥብ ብቻ ነው። የተኛ ጥጃ፣ የጠፋ ፍየል፣ ውሻም እንደዚሁ ጉብታ ሆነው ይታያሉ።

በማሸጊያው ላይ «እስከ 500 ሜትር ያያል» ተብሎ ቢጻፍ፣ ትርጉሙ በዚያ ርቀት አንድ የሞቀ ነገር መኖሩን ይጠቁማል ማለት ነው፤ ምንነቱን ይለያል ማለት አይደለም።

4. በሌሊት የሚያጋጥሙ እንስሳትን መለየት

*የዱር አሳማ (ቦዬ)፦* ብዙ ጊዜ በቡድን ይመጣል፤ ጉብታዎቹ ተከታትለው ከጫካው ይወጣሉ፣ እየቆሙ አፈር ይምሳሉ። ጠዋት የተጎነጎነ መሬት፣ የወደቀ አገዳና የታኘከ እሸት ያገኛሉ።

*ጃርት፦* ብቻውን ወይም በጥንድ ይሄዳል፤ ዝቅ ብሎ ቀስ እያለ ይራመዳል። እሾሁ ሙቀቱን ስለሚሸፍን ጀርባው ደብዝዞ ፊቱና እግሩ ይደምቃሉ። አገዳውን ከሥሩ ይቆርጣል፤ የወደቀ እሾህም ምልክቱ ነው።

*አዋልዲጌሳ፦* ከኩይሳ አጠገብ እየቆፈረ ሊያዩት ይችላሉ። እርሱ ሰብልዎን አይበላም፤ ምግቡ ምስጥና ጉንዳን ነው። ምስጥ ቤትና ሰብል በሚያወድምበት አካባቢ አዋልዲጌሳ የእርስዎ ረዳት ነው፤ አያባርሩት።

*ጅብ፦* የፊት አካሉ ከኋላው ከፍ ይላል፤ ቀጥ ብሎ ወደ ከብት በረት ይሄዳል። ወዲያው ድምፅ ያሰሙ፣ ለጎረቤትም ይንገሩ።

*ጉማሬ፦* በዴዴሳ ወንዝ ዳር ያሉ አርሶ አደሮች በሌሊት ለግጦሽ የወጣ ጉማሬ ሊያጋጥማቸው ይችላል። በጣም ትልቅ ጉብታ ካዩ አይቅረቡ፤ በእርሱና በወንዙ መካከልም አይቁሙ።

5. የጥበቃው አሠራር፣ ደረጃ በደረጃ

ሀ. ቀን የሚሠራ ዝግጅት

ማሳውን ዞረው እንስሳው የሚገባበትን በር ይለዩ። በማሳውና በጫካው መካከል፣ ከራስዎ መሬት ላይ፣ 5 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ገላጣ መስመር ይተዉ። ይህ መስመር ከሌለ መሣሪያው አብዛኛውን ጥቅሙን ያጣል፤ እንስሳው የሚታየው እሱን ሲያቋርጥ ነውና። ለመስመሩ ሲባል የደን ዛፍ መቁረጥ ግን አይፈቀድም። ከመስመሩ ቀጥሎ ባለው ዳር በቆሎ ከመዝራት ይልቅ በርበሬ ወይም ኑግ ቢዘሩ አሳማውን ብዙም አይስበውም።

ከማማዎ ተነስተው በ50 እና በ100 ሜትር ላይ ምልክት ይትከሉ። የጎረቤቶችዎ ማማዎች የት እንዳሉም ሁላችሁም በአንድ ወረቀት ላይ ይሳሉ።

ለ. ሌሊት

1. ማን የት እንደሚያድር ከመጨለሙ በፊት ይመዝገብ። ጠባቂ ቦታውን ሲለቅ በስልክ ወይም በፉጨት ያሳውቅ።
2. የመሣሪያውን ብርሃን ዝቅ ያድርጉ፤ አለበለዚያ ከስክሪኑ ቀና ሲሉ የተመለከቱበት ዓይን ለጊዜው አያይም።
3. ገላጣውን መስመር ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ቀስ ብለው ይቃኙ። በየግማሽ ሰዓቱ ይድገሙት። ሥዕሉ ለአፍታ ቆሞ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ቢሰሙ መሣሪያው ራሱን እያስተካከለ ነው፤ ብልሽት አይደለም።
4. ሙቀት ሲያዩ መጀመሪያ «ማን ነው?» ብለው ይጣሩ። ቀጥሎ ባትሪ ያብሩ። መልስ ከሌለና እንስሳ መሆኑን በዓይንዎ ካረጋገጡ በኋላ ማባረር ይጀምሩ።
5. ድምፁን ከማሳው ወደ ጫካው አቅጣጫ ያሰሙ፤ እንስሳው የሚወጣበትን መንገድ ክፍት ይተዉለት። የተከበበ አሳማ፣ በተለይም ግልገል ያላት እናት፣ ሰው ላይ ትመጣለች። ረጅም በቆሎ ውስጥ ተከትለው አይግቡ።
6. ድምፁን ይቀያይሩ፤ አንድ ቀን ጅራፍ፣ ሌላ ቀን ቆርቆሮ። እንስሳ ጉዳት የሌለውን ተመሳሳይ ድምፅ ይለምዳል።
7. ሰዓቱን፣ ቦታውንና ብዛቱን ይመዝግቡ። ጠዋት ኮቴውን ሄደው ያመሳክሩ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዓይንዎ ጉብታዎቹን መለየት ይለምዳል።

ሐ. ለጠባቂው ጤና

ቆላማው የዴዴሳና የአንገር አካባቢ የወባ ቦታ ነው። ማማው ላይ አጎበር ይስቀሉ፣ እጅጌ ያለው ልብስና ቦት ጫማ ያድርጉ። ሕፃናትን ለሌሊት ጥበቃ አይላኩ፤ ሌሊት ያልተኛ ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ አይማርም። ቡድኑ በመሣሪያው እየታገዘ ጥቂት አዋቂዎችን በተራ ቢያሰማራ ሌሎቹ መተኛት ይችላሉ።

6. ሕይወትና ሕግ

ልብ ይበሉ፦ በመሣሪያው ብቻ ባዩት ነገር ላይ ፈጽሞ አይተኩሱ፤ ጦርም ድንጋይም አይወርውሩ። በዚያ ጨለማ ውስጥ እንደ እርስዎ ማሳውን ሊጠብቅ የወጣ፣ በሬው ጠፍቶበት የሚፈልግ ወይም ለሽንት ከማማው የወረደ ሰው ሊኖር ይችላል። መሣሪያው ለእርስዎ ያሳየው ስድስትና ስምንት ነጥብ ነው። ለጠፋ በቆሎ ከርሞ ሌላ ይዘራል፤ ለጠፋ ሰው ግን ምትክ የለውም። በሁለት ቤተሰብ መካከል የሚገባው ደምም በሽማግሌ ቶሎ አይደርቅም።

በሕግ በኩልም የሚከተሉትን ይወቁ፦

- በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን የተከለከለ ነው። መሣሪያ መያዝ የአደን ፈቃድ አይሰጥም።
- የጦር መሣሪያ መያዝና መጠቀም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ሲሆን ፈቃድ ይጠይቃል።
- ወጥመድና መርዝ አይጠቀሙ። መርዝ ውሻን፣ ጥንብ አንሣን፣ ከብትንና ልጅን አይለይም።
- ጉዳቱ ከአቅም በላይ ከሆነ መዝገብዎን ይዘው ለልማት ሠራተኛው፣ በእርሱም በኩል ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ። ቀንና ብዛት የተጻፈበት መዝገብ ከቃል አቤቱታ ይበልጥ ይሰማል።
- ከውጭ ከማስመጣትዎ በፊት ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ ጉምሩክንና ፖሊስን ይጠይቁ። በሌሊት እንዲህ ያለ ዕቃ ይዞ መገኘት ሊያስጠረጥር ይችላል። ስለዚህ የቀበሌው አስተዳደርና የአካባቢው ፀጥታ ኃይሎች የጠባቂዎቹን ስምና ቦታ አስቀድመው ይወቁ፤ ካልተፈቀደ በመሣሪያው አይጠቀሙ።

7. ልግዛ ወይስ ልተው?

መጀመሪያ ጉዳቱን ይቁጠሩ። በ75 በ30 ሳንቲ ሜትር የተዘራ በቆሎ በሄክታር 44,400 ያህል እግር ይይዛል። ማሳው በሄክታር 60 ኩንታል የሚሰጥ ቢሆን፣ አንድ እግር 135 ግራም ያህል እህል ይሰጣል። ስለዚህ 740 ያህል እግር ሲወድም አንድ ኩንታል ጠፋ ማለት ነው። በወቅቱ መጨረሻ የጠፉትን እግሮች ቆጥረው ለ740 ያካፍሉ፤ በገበያው ዋጋ ያባዙ። ከዚያ ከመሣሪያው ዋጋ ጋር ያነጻጽሩ። መሣሪያው የጉዳቱን ከፊል እንጂ ሙሉውን እንደማያስቀር አይርሱ። አጥር ማጠናከር፣ ከጎረቤት ጋር በአንድ ሰሞን መዝራትና የደረሰውን ሳይዘገዩ መሰብሰብ ከዚህ ያነሰ ወጪ ይጠይቃሉ፤ አስቀድመው እነሱን ይፈጽሙ።

ለአንድ ቤተሰብ ብቻ መግዛት አብዛኛውን ጊዜ አያዋጣም። ማሳቸው የተያያዘ ጎረቤቶች በደቦ እንደሚያርሱት ሁሉ በጋራ ቢገዙ፣ በተራ ቢጠቀሙና ዕቃው በማን እጅ እንደሚያድር ቢፈራረሙ ይሻላል።

ሊገዙ ሲሉ እነዚህን ሙከራዎች ያድርጉ፦

- የመስታወት ሙከራ፦ በተዘጋ መስኮት በኩል ውጭውን ይመልከቱ። ከመስታወቱ ማዶ ያለው ሰው በግልጽ ከታየ ዕቃው ተራ የሌሊት ካሜራ እንጂ ቴርማል አይደለም።
- የርቀት ሙከራ፦ በምሽት አንድ ሰው ጋቢ ለብሶ ቁጢጥ ይበል፣ አንድ ጥጃም አጠገቡ ይቁም። በ50 ከዚያም በ100 ሜትር ሆነው ይመልከቱ። የቱ ሰው፣ የቱ ጥጃ እንደሆነ ካልለዩ በዚያ ርቀት የመሣሪያውን ሥዕል እንዳያምኑት ያስተምርዎታል።
- የመስታወቱ ልክ፦ ስልክ ላይ የሚሰኩ፣ የፊት መስታወታቸው 3 ሚሊ ሜትር ያህል የሆኑ ርካሽ ዕቃዎች የተሠሩት በአብዛኛው ኤሌክትሪክና ቧንቧ ለመፈተሽ ነው። በ100 ሜትር አንዱ ነጥባቸው 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ለማሳ ጥበቃ አይሆኑም።
- ባትሪው፦ በአንድ ሙሌት ስንት ሰዓት እንደሚሠራ በራስዎ ሰዓት ይለኩ። መብራት በሌለበት ቀበሌ በሶላር ወይም በፓወር ባንክ መሞላት መቻሉን ያረጋግጡ።

አያያዝ፦ የፊት መስታወቱን በነጠላ ጫፍ ወይም በአቧራማ ጨርቅ አይጥረጉ፤ ይጫራል። ወደ ፀሐይ አያዙሩት። ከዝናብ ሲመለሱ አድርቀው በሣጥን ያስቀምጡ።

8. ለቡድን ውይይት

1. ባለፈው ዓመት ከእርስዎ ማሳ የወደመው ስንት እግር ነው? ቀን ነው ወይስ ሌሊት? ጉዳቱ የቀን ከሆነ መሣሪያው ምን ይረዳዎታል?
2. በእናንተ ሰፈር ሌሊት ማን የት እንደሚያድር የተጻፈ መዝገብ አለ? ከሌለ ማን ይጀምረው?
3. በ100 ሜትር ላይ ብሩህ ጉብታ አይተዋል፤ ተጣርተው መልስ አላገኙም። ቀጥሎ ምን ያደርጋሉ? እያንዳንዱ የቡድን አባል በተራ ይመልስ።

ማጠቃለያ

የሙቀት መመልከቻ እንስሳው ማሳ ከመግባቱ በፊት የሚያነቃ ጥሩ ዘበኛ ነው። ዳኛ ግን አይደለም። ያየው ነገር ምን እንደሆነ የሚፈርዱት የእርስዎ ጥሪ፣ የእርስዎ ባትሪና የእርስዎ ዓይን ናቸው። መሣሪያ ቢኖርዎትም ባይኖርዎትም ዛሬ ማታ ወደ ማማ ከመውጣትዎ በፊት አንድ ነገር ያድርጉ፦ በአጠገብዎ ያሉ ጠባቂዎች ዛሬ የት እንደሚያድሩ ጠይቀው ይወቁ፣ የእርስዎንም ቦታ ይንገሯቸው።

መልካም ምርት!